ከምላስ ሥር የሚወጣው «የውሃ ከረጢት» ምንድነው?

እዚህ ካኩማ ክሊኒክ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «የልጄ ምላስ ታስሮ ነበር፣ ተቆርጦ ተፈታለት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን ከሥሩ አረፋ የመሰለ እብጠት ወጣ። ካንሰር ይሆን እንዴ?» ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። የምራቅ ከረጢት ነው።

ምራቅ የሚያመነጩት ከጆሮና ከአገጭ ሥር ያሉት ትልልቅ ዕጢዎች ብቻ አይደሉም። በከንፈር፣ በጉንጭና በምላስ ጫፍ ታችኛው ገጽ ላይም ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፤ ምራቃቸውን የሚያወጡት በቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ምላስ ሲፈታ ቱቦው ከተቆረጠ፣ ወይም ሲሰፋ ክሩ ካነቀው፣ ዕጢው ሥራውን አያቆምም። ምራቁ መውጫ ሲያጣ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል።

ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ ሰማያዊ መልክ አለው፣ ብዙም አያምም። ምግብ ሲታኘክ ይፈነዳና እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። «ተገላገልን» ሲባል ተመልሶ ይሞላል። ከምላስ በታች ባለው የአፍ ወለል ላይ የሚወጣውን ሐኪሞች ራኑላ ይሉታል፤ በላቲን ትንሽ እንቁራሪት ማለት ነው፣ የእንቁራሪት ሆድ ስለሚመስል።

ሰፈር ውስጥ በመርፌ ወይም በምላጭ የሚያፈርጡ አሉ። በፍጹም አታስነኩ! ፈሳሹ ቢወጣም ዕጢው እዚያው ነው፣ ስለዚህ ይመለሳል። ያልጸዳ ምላጭ ደግሞ መግል ያስይዛል፣ በደም የሚተላለፍ በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ሐኪምም ቢሆን ከረጢቱን ብቻ አውጥቶ ዕጢውን ከተወው እንደገና ሊመጣ ይችላል። ለራኑላ ከምላስ ሥር ያለውን ትልቁን ዕጢ ማውጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል ሪፈር ቢጻፍላችሁ አትደንግጡ።

ትንሽ ከሆነና ካላስቸገረ፣ ሐኪም አይቶት ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል፤ በራሱ የሚጠፋም አለ። ትኩሳት፣ ከባድ ሕመም፣ የአንገት ማበጥ፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፣ ወረፋም አትጠብቁ። ጡት መያዝ ያቃተው ሕፃንም አይቆይ።

ስትሄዱ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ያዙ። በመንገድ ከጠፋባችሁ መቼና የት እንደተቆረጠ ተናገሩ። ቤት ውስጥ በምላጭ ተቆርጦ ከሆነም አትደብቁ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው የትኛው ቱቦ እንደተነካ ለመገመት ነው።