«ዙም» ለተባሉ ሁለት ነገሮች ሁለት ስያሜ

ካኖን እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ያወጣው ዲጂታል ኢክሰስ ከቀደምቶቹ የኪስ ዲጂታል ካሜራዎች አንዱ ነው። የዚህን መሰል ካሜራ መግለጫ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ባትሪ»ንና «ፒክስል»ን እንዳሉ ተቀብሎ ማለፍ ይችላል፤ የሚቸገረው «ዙም» ከሚለው ቃል ሲደርስ ነው። ቃሉ በየመግለጫው «ኦፕቲካል» እና «ዲጂታል» በሚሉ ሁለት ቅጽሎች እየተመራ ይገኛል። ሁለቱንም «ማጉላት» ብሎ መተርጎም የማይገናኙ አሠራሮችን በአንድ ስም መጥራት ነው።

የመጀመሪያው የምስሪቱ ሥራ ነው። በተጠቀሰው ካሜራ የምስሪቱ ክፍሎች እየተንቀሳቀሱ የትኩረት ርቀቱን፣ በ35 ሚ.ሜ. ፊልም ልክ ሲሰላ፣ ከ35 እስከ 70 ሚ.ሜ. ይለውጡታል፤ ይኸውም 2 እጥፍ ነው። ምስሉ በብርሃን ተቀባዩ ላይ ከማረፉ በፊት ስለሚጎላ 1600 በ1200 የሆኑት ፒክስሎች በሙሉ የሚሞሉት ከተነሣው ነገር በመጣ ብርሃን ነው።

ሁለተኛው ግን ብርሃኑ ከተቀረጸ በኋላ የሚደረግ ስሌት ነው። የምስሉ ዳርና ዳር ተከርክሞ መካከሉ ይቀራል፤ በዚሁ መጠን ያለ ምስል 2 እጥፍ ሲጎላ የሚተርፈው 800 በ600፣ ማለትም 480,000 ፒክስል ብቻ ነው። መልሶ 1,920,000 እንዲሞላ ሲደረግ ሦስት አራተኛው ከጎረቤት ፒክስሎች ተገምቶ የተጨመረ ይሆናል። ገዢው ይህን ልዩነት በስያሜው ካላገኘው በስሌት ለተገኘው እጥፍ በምስሪት ለተገኘው የሚገባውን ዋጋ ይከፍላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው «በምስሪት ማቅረብ»፣ ሁለተኛው «ምስል መለጠጥ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «ማቅረብ» ለብቻው አይበቃም፤ አሁን እንዳደረግነው ሐሳብም ይቀርባልና። ደግሞም ምስሪቱ ያርቃል፤ «በምስሪት ማቅረብና ማራቅ» ቢባል ይበልጥ የተሟላ በሆነ ነበር፣ ርዝመቱ ግን ለመግለጫ አይመችም። መለጠጥ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የተቀረጸ ምስል ከጠርዙ ውጭ ያለውን አያሳይም።

«መለጠጥ» ነቀፌታ ያዘለ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ላስቲክ ሲለጠጥ እየሳሳ መሄዱን ማንም ያውቃል፤ ቃሉን የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ዙም»ን በውሰት ማቆየት የሚሹ «የምስሪት ዙም» እና «የስሌት ዙም» ቢሉ ልዩነቱ ይጠበቃል። «ዲጂታል ዙም» የሚለው ግን፣ ካሜራው ራሱ ዲጂታል ሲሆን፣ የትኛውን ዙም እንደሚያመለክት ለአንባቢው አይነግረውም።