ሳትቀጠፍ የቀረች የጎመን እግር

አራዳን የሚያውቅ ሁሉ አትክልት ተራን ያውቃል። ሽንኩርትና ድንች፣ ቲማቲምና ጎመን ለከተማው ሲከፋፈልበት የኖረው ይህ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል መጽዳት ስላለበት ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ስሙ ግን ከሰፈሩ አልተለየም።

እኛም በዚሁ ሰፈር አጠገብ ከአንድ አልጋ የማትሰፋ መደብ አለችን። እርሻ ለመባል አትበቃም፤ ሆኖም የሐበሻ ጎመን እንዘራባታለን።

አንባቢ ሆይ፣ የጎመን አበባ አይተህ ታውቃለህን? ብዙ ሰው የሚያውቀው ቅጠሉን ብቻ ነው፤ ሳያብብ ቀጥፈን እንጨርሰዋለንና። እኛ በየዓመቱ አንዲት ብርቱ እግር መርጠን ሳንነካ እንተዋታለን። እርስዋም ከወገባችን በላይ ረዝማ፣ አራት አራት ቅጠል በመስቀል ቅርጽ የተደረደረበት ቢጫ አበባ ታወጣለች። ንብ ይመጣል፤ በዚህ ሁሉ ሕንፃ መካከል ከወዴት እንደሚመጣ ያስደንቃል! አበባው ሲረግፍ ዘሩ በቀጫጭን ማኅደር ውስጥ ይቋጠራል። ማኅደሩ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ካልተቆረጠ፣ ደርቆ ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል።

ይህ ጎመን ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው ያስገኙት ነው። ኮርያዊው የዕፀዋት ሊቅ ዉ ጃንግ ቹን እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ዝምድና በጽሑፍ አስረዳ። ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ጥቅል ጎመን 9፤ የሐበሻ ጎመን 17። ለተማሪዎቻችን ይህን ድምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናሳያቸው፣ በየቀኑ የሚበሉት ጎመን የዘር ሐረግ ያለው መሆኑ ያስደስታቸዋል። እናቶቻቸው ግን ዘሩን የሚያውቁት በሌላ ነው፤ ወቅጠው ምጣድ ያስሱበታል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የአራዳና የፒያሳ ብዙ ግቢ ሲፈርስ፣ ከግቢው ጋር ጓሮውም ፈረሰ። ሰው አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ሲጭን፣ ስለ ዘር ያሰበ ጥቂት ነበረ። ዘሩ እንደ ዕቃ በገንዘብ ይተካል የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ እየተመረጠ የመጣው የአንድ ግቢ ጎመን አንድ ዓመት ሳይዘራ ሳይቀመጥም ቢቀር፣ የትኛው ሱቅ ይሸጠዋል?

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። በኋላ ልንጠይቃቸው ወደ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ብንወጣ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ሦስት እግር ጎመን በረንዳው ላይ በቅሎ አገኘን። አንዱን ሳይቀጥፉ ለዘር እንዲተዉት ብንመክራቸው፣ «አዬ ልጄ! የትኛውን እንደምተው ካወቅሁ ቆየሁ» አሉን።