ሺህ ማይል ከኋላ ወንበር

ከፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል በሞተር ሳይክል ተነስተው፣ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የሚገቡ ባልና ሚስት አሉ። ሲደርሱ የሚያጨበጭብ የለም። ተፎካካሪም አልነበራቸውም። ሽልማቱ ወረቀት ነው፤ ለዚያውም ገንዘብ ከፍለው የሚያወጡት።

ወረቀቱን የሚሰጠው አይረን በት አሶሲዬሽን የተባለው የረጅም መንገድ ሞተረኞች ማኅበር ነው። የመግቢያ ፈተናው ሳድልሶር 1000 ይባላል፦ 1,000 ማይል (1,609 ኪሎ ሜትር) በ24 ሰዓት ውስጥ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ማኅበሩ ከዚህ የባሰም አለው፤ በን በርነር ጎልድ የሚሉት በዚያው 24 ሰዓት 1,500 ማይል ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ትልቁ ራሊያቸውማ 11 ቀን ይፈጃል። ባልና ሚስት አብረው የሚሞክሩት ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ማኅበሩ ከኋላ ለተፈናጠጠውም የራሱን የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ እንደኔ ደግሞ ይገባዋል።

ሺህ ማይል ሲባል ሰው የሚያስበው ፍጥነት ነው። ስሌቱ ሲታይ ግን በአማካይ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጠየቀው፣ መብላቱም ነዳጅ መቅዳቱም ተቆጥሮ። ኢንተርስቴት 10 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ሕግ ሳይጥስ የሚነዳ ሰው ከዚህ በላይ ይሄዳል። ጊዜ የሚያልቀው ማደያ ላይ ነው። በየ300 ኪሎ ሜትሩ የሚቀዳ ሞተር አምስት ስድስት ጊዜ ይቆማል። እያንዳንዱ ማቆሚያ አሥር ደቂቃ ከወሰደ ጠቅላላው አንድ ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከወሰደ ሦስት ሰዓት። ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ ሁለት ሄልሜት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት አለ። ማኅበሩ ለአዲስ ሰው ከሚሰጣቸው ምክሮች አንዱ ነዳጅ የሚቀዳበትንና ምግብ የሚበላበትን ማቆሚያ ለዩ የሚል ነው። ማደያው አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ሳይታወቅ አንድ ሰዓት ይበላል።

የብልህ ተፈናጣጭ ዋጋ የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ሞተሩ እንደቆመ ቀድማ ትወርዳለች (ባልም ከኋላ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ሚስት ልበል)። እሱ ነዳጅ ሲቀዳ እሷ አንድ ጓንቷን አውልቃ ደረሰኙን ከማሽኑ ትነቅልና ታነባለች፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የከተማው ስም። አንዱ ከጎደለ ወይም የማሽኑ ሰዓት ከተዛባ ገብታ ሌላ ታስቆርጣለች። ከዚያ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይታ መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች። ጉዞው ሲያልቅ ማኅበሩ የሚመረምረው ይህንኑ የደረሰኝ ክምርና መዝገብ ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ደረሰኝ ስለሆነ፣ መነሻው ላይ የተበላሸ ወረቀት የቀኑን ልፋት ሁሉ ያስጠረጥራል።

ሰዓት ካልን፣ የዚህ መንገድ ወጥመድ ሂዩስተን ነው። ከጃክሰንቪል 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ሰው፣ ማቆሚያው ተቆጥሮ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢጓዝ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይደርሳል። ነገር ግን ምዕራብ ፍሎሪዳ ውስጥ የሰዓት ክልል ያልፍና ሰዓቱ በአንድ ወደኋላ ይመለሳል። ሂዩስተን ለሱ 11 ሰዓት ሆና ትጠብቀዋለች፤ ከተማው በሙሉ ከሥራ ወጥቶ መንገዱ ሲታነቅ። ሁለት ሰው የጫነ ከባድ ሞተር በዚያ ሙቀት እየቆሙ እየተነሱ መንዳት ሌሊቱን ሙሉ ከመንዳት የበለጠ ያደክማል። ስለዚህ አንዳንዱ ረፈድ አድርጎ ይነሳና ሂዩስተንን በጨለማ ያልፋታል፤ የቀረውን 300 ኪሎ ሜትር ግን አጋዘን መንገድ በሚያቋርጥበት ሰዓት ይነዳል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

ሞተሩም ተፈናጣጭ ሲጨመርበት ጠባዩ ይለወጣል። ክብደቱ የሚያርፈው ወደ ኋላው ጎማ ስለሆነ ጀርባው ይሰምጣል፣ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ መብራቱ ሽቅብ ተነስቶ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። የኋላውን ሞላ ማጠንከርና የጎማውን ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ በመመሪያው ልክ መሙላት ያስፈልጋል። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ በጥንዶች ዘንድ የተወደደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ መከላከያ መስታወት እንኳ ያልነበረው ሞተር፣ በኋላ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ፣ ሞላው በቁልፍ የሚስተካከል፣ ለኋላ ተቀማጭም መደገፊያ ያለው ሆነ። በ2006 ደግሞ የአየር ከረጢት ተገጠመለት።

መደገፊያው ድሎት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መደገፊያ የሌላት ተፈናጣጭ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደፊት ትንሸራተትና ሄልሜቷ የእሱን ሄልሜት ይመታል። ንፋሱም የሚብሰው እሷ ላይ ነው፤ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ ከፊት መስታወቱ የተረፈው ንፋስ ፊቷ ላይ ይሽከረከራል። የጆሮ መድፈኛ የግድ ነው። ኩርባ ላይ ከሞተሩ ጋር ማጋደል አለባት። ቀና ብላ ልትቀር ብትታገል ሞተሩ መስመሩን ይስታል። ቀላሉ ዘዴ ወደ መታጠፊያው ባለው የነጂው ትከሻ በኩል አሻግሮ ማየት ነው፤ ሰውነት ዓይንን ይከተላል።

እንቅልፍ ከሁሉ የከፋው ጠላት ነው። መሪ የያዘው ሰው ደክሞት እንደሆነ ራሱ መጨረሻ ነው የሚያውቀው፤ ከኋላ ያለችው ግን ቀድማ ታየዋለች፦ ከመስመር ትንሽ መውጣት፣ ፍጥነት ሳያስፈልግ መጨመርና መቀነስ። በሄልሜት መነጋገሪያው «ቅድም ያለፍነው መውጫ ቁጥሩ ስንት ነበር?» ትለዋለች። «የቱ መውጫ?» ካለ አበቃ፣ ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ይወርዳሉ። እዚያ የሽርሽር ጠረጴዛ ላይ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሃያ ደቂቃ ጋደም ይላሉ። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ጠረጴዛ አይረን በት ሞቴል ይሉታል። እሷ እያንቀላፋች ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ የምትጨብጠው መሪ የላትም። ያኔ የሚቆመው ያለ ክርክር ነው፣ ወረቀቱ ቢቀርም ይቅር።

ሳን አንቶኒዮ ሲደርሱ የመጨረሻውን ደረሰኝ ያስቆርጣሉ። እንቅልፉ ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ጃክሰንቪል መመለስ አለ፤ እሱን የሚቆጥርላቸው የለምና በሦስት ቀን ቢሄዱት ይሻላል።