ባትሪውን ከመለወጣችሁ በፊት ሽቦውን ተከተሉ

ከባድ የጭነት መኪና ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ማዳበሪያ የሚያመጣው እርሱ ነው። እህል ወደ ገበያ የሚወስደው እርሱ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በእርሱ ይመጣሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ወዲህ አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይመላለሳል። ከወደቡ የተነሣ ብዙው መኪና ጋላፊን፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ ወደ መሐል አገር ይደርሳል። መንገዱ ረጅም ነው። ሙቀቱም ብርቱ ነው።

ታዲያ ይህ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም። ማዳበሪያው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ምን ይጠቅማል? ቲማቲሙ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቢውል ማን ይገዛዋል?

መኪና በብዙ ምክንያት ይቆማል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዱ ምክንያት ነው። እርሱም የኤሌክትሪክ ሽቦ ብልሽት ነው። ብዙ ሰው ይህን ብልሽት ይፈራዋል። ውሃ ቢፈስ ይታያል። ዘይት ቢፈስ ይታያል። ኤሌክትሪክ ግን አይታይም። ስለዚህ ብዙ ሰው በግምት ይሠራል። በመጀመሪያ ባትሪ ይለውጣል። አልሆን ሲለው ሞተሪኖ ይለውጣል። ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን የሚያስነሣው ነው። እሱም አልሆን ሲል ዲናሞ ይለውጣል። ገንዘቡ ያልቃል፤ መኪናው ግን እንደቆመ ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ የአንድ የዛገ ማሰሪያ ሆኖ ይገኛል።

አበው “ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ” ይላሉ። የኤሌክትሪክ ብልሽትም ከሥሩ ነው የሚፈለገው። ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ይህን መማር ይችላል።

የናፍጣ ሞተር ኤሌክትሪክ ለምን ያስፈልገዋል?

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ካንዴላው እሳት ይጭራል። ቤንዚኑ በዚያ እሳት ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር በሌላ ዘዴ ይሠራል። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው ይህን ያውቃል። መንፊያው ይሞቃል። በሞተሩ ውስጥ አየሩ ከዚያ እጅግ አብልጦ ይታመቃል፤ እጅግም ይግላል። በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል።

ይሁን እንጂ ሞተሩን መጀመሪያ የሚያዞረው ሊኖር ይገባል። ይህ የሞተሪኖ ሥራ ነው። ሞተሪኖ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። እንደ ፊያት 682 ኤን 3 ያሉት የቀድሞ መኪናዎች አንዴ ከተነሡ በኋላ ናፍጣውን የሚረጩት በፖምፓ ኃይል ነው። አዳዲሶቹ ግን ከዚህ ይለያሉ። ናፍጣው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ በአዲስ መኪና ላይ አንድ ሽቦ ቢበጠስ የደኅና ሞተር ሥራ ሊቆም ይችላል።

ኤሌክትሪክ በየት ይሄዳል?

በአብዛኞቹ ከባድ መኪናዎች ላይ ሁለት ባትሪዎች አሉ። እያንዳንዱ 12 ቮልት ነው። ተከታትለው ስለሚታሰሩ 12 እና 12 ተደምሮ 24 ቮልት ይሆናል።

በአውድማ ላይ በሬ እንዴት እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ይመለሳል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ከባትሪው የመደመር (+) ጫፍ ይነሣል። በሽቦ፣ በፊውዝና በማብሪያ በኩል አልፎ ወደ ሥራው ቦታ ይደርሳል። መብራት ያበራል፤ ወይም ሞተሪኖ ያዞራል። ከዚያም በሞተሩ አካልና በሻንሲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የመቀነስ (-) ጫፍ ይመለሳል። መመለሻው ከተዘጋ መሄጃው ደኅና ቢሆንም ምንም ነገር አይሠራም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። መሄጃውን ይፈትሻል፤ መመለሻውን ግን አያየውም።

ብልሽቱ ሦስት ዓይነት ነው። የመስኖ ቦይ አስቡ።

አንደኛ፣ ቦዩ ይቋረጣል። ሽቦ ሲበጠስ እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦዩ ግድቡን ጥሶ ያለቦታው ይፈስሳል። የሽቦው ልባስ ተፍቆ መዳቡ ሻንሲውን ሲነካ እንዲህ ነው። ይህ እሳት ያስነሣል።

ሦስተኛ፣ ቦዩ በደለል ይጠብባል። ማሰሪያ ሲላላ ወይም ሲዝግ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህኛው በዓይን ስለማይለይ ሰውን በጣም ያደክማል።

በቅድሚያ ጥንቃቄ

መኪናው በእጅ ፍሬን ይያዝ። ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ ይደረግ። ጋቢናው የሚነሣ ከሆነ መደገፊያው መቆለፉን አረጋግጡ።

ባትሪ አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ፤ ክብሪትም አትጫሩ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። የብረት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። በባትሪው ውስጥ ያለው አሲድ ዓይን ያጠፋል። ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቡ፤ ዓይን ከነካ ደግሞ ታጥባችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ባትሪ ስትፈቱ በመጀመሪያ የመቀነሱን (-) ጫፍ ፍቱ። ስታስሩ ደግሞ እሱን በመጨረሻ እሰሩ። ለምን ቢሉ፣ የመደመሩን ጫፍ ስትፈቱ ቁልፋችሁ ሻንሲውን ቢነካ እሳት ይረጫል። የመቀነሱ ጫፍ አስቀድሞ ከተፈታ ግን አይረጭም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አትፍቱ። ዲናሞውና ኮምፒዩተሩ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ፍለጋው በምን ይጀመራል?

በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ይጀመራል። ብልሽቱ መቼ ጀመረ? ከዝናብ በኋላ ነው? መኪናው ከታጠበ በኋላ ነው? ሰሞኑን ሌላ ሰው ነክቶታል? አዲስ መብራት ወይም ራዲዮ ተጨምሮበታል? ሁልጊዜ ነው ወይስ ኮረኮንች ላይ ብቻ? ኮረኮንች ላይ ብቻ ከሆነ የላላ ወይም ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ፈልጉ።

ቀጥላችሁ እዩ፣ ዳስሱ፣ አሽትቱ። አረንጓዴ የሆነ መዳብ ውሃ ገብቶታል። የጠቆረ ሽቦ ግሏል። አይጥ የበላው ሽቦ ይታያል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበትና ከጭስ ማውጫው አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቱ።

ከዚህ በኋላ ቴስተር አንሡ። ቴስተር ቮልት የሚለካ ዕቃ ነው። ልብ የምትሉት ቁጥር ይህ ነው፦

ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 25 ቮልት ከጥቂት ነጥብ ካሳዩ ደኅና ሞልተዋል። 24 ወይም ከዚያ በታች ካሳዩ ደክመዋል።

ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ27 ቮልት ተኩል እስከ 28 ቮልት ተኩል አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። ቁጥሩ ከፍ ካላለ የዲናሞውን ቺንጋ፣ ማለትም የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በመጀመሪያ እዩ። ቀጥሎ ማሰሪያዎቹን እዩ። ዲናሞ መለወጥ የመጨረሻው ነው።

ባትሪዎቹን ለየብቻም ለኩ። አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ ምክንያት አለው። አንዳንድ ሰው ለ12 ቮልት ራዲዮ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይስባል። ይህ አንዱን ያደክማል፤ ሌላውን ከልክ በላይ ያስሞላል። ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል።

አንድ ምሳሌ

የአንድ ገበሬዎች ማኅበር መኪና ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ሠራ እንበል። አንድ ጧት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው “ጠቅ” ብሎ ዝም አለ። ሹፌሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራ።

“ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል። ሁለት አዲስ ልግዛ?” አለ ሹፌሩ።

“ቆይ ወንድሜ። ሳንለካ ማን ነገረን? መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙር።”

መብራቱ ቦግ አለ። ቁልፉም ሲዞር አልደከመም።

“አየህ? ባትሪው ደክሞ ቢሆን ቁልፉን ስታዞር መብራቱ ይደበዝዝ ነበር። ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የዘጋው ነገር አለ። አንተ ልጅ፣ ቴስተሩን ያዝና ቁጥሩን አንብብልኝ።”

ረዳቱ ቁልፉ እየዞረ ሁለቱን ባትሪዎች ለካ። “23 ነጥብ 9 ነው ጋሼ።”

“ሞተሪኖው ላይስ?”

“14 ነው።”

“እንግዲህ ወደ 10 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደቀረ እንፈልግ። አንዱን ጫፍ በባትሪው መደመር ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው መደመር ላይ አድርግ።”

“0 ነጥብ 4።”

“መሄጃው ደኅና ነው። አሁን አንዱን በባትሪው መቀነስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ አድርግ።”

“9 ነጥብ 5!”

“አገኘነው። መመለሻው ነው የተዘጋው። 14፣ 0 ነጥብ 4 እና 9 ነጥብ 5 ደምር። 23 ነጥብ 9 ይመጣል። ቁጥሩ አንድም አልጎደለም።”

ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ ከቡሎኑ ሥር ዝጎ ተገኘ። የባትሪውን የመቀነስ ጫፍ ፈቱ። ሽቦውን አውጥተው በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት። ቡሎኑን አጠበቁና ግራሶ ቀቡት። ባትሪውን መልሰው አሰሩ። ሞተሩ ተነሣ። ባለሙያው ግን በዚህ አልተወም። እንደገና አስለካ። አሁን የቀረው 0 ነጥብ 3 ብቻ ነው። ባትሪ አልተገዛም።

ፊውዝ ዘበኛ ነው

ፊውዝ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ራሱ ይቃጠላል። በላዩ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሚችለውን አምፔር ይናገራል። በተለመደው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ፊውዝ 10 ቀይ ነው። 15 ሰማያዊ ነው። 20 ቢጫ ነው። 30 አረንጓዴ ነው።

15 ፊውዝ ቢቃጠል 15 ተኩ። 30 አታድርጉ። ሽቦ ጠቅልላችሁ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት አታድርጉ። ያን ጊዜ ዘበኛውን አሰናብታችኋል። ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ከሽቦው ቀጥሎ ጋቢናው ነው። መኪናው ከነጭነቱ ሊወድም ይችላል። ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል። የተቃጠለውን አውጡ። በእሱ ቦታ የ24 ቮልት መሞከሪያ አምፖል አስገቡ። በዚያ ፊውዝ ሥር ያሉትን መብራቶችና ዕቃዎች አንድ በአንድ ንቀሉ። ሁሉም ተነቅለው አምፖሉ ከበራ ሽቦው ራሱ ብረት ነክቷል። ሽቦውን በየቦታው እያነሣችሁ አንቀሳቅሱ። አምፖሉ የጠፋበት ቦታ የጥፋቱ ቦታ ነው። አንድ ዕቃ ስትነቅሉ ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ በዚያ ዕቃ ወይም በእሱ መስመር ነው።

በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ

አዳዲስ መኪናዎች ብዙ ኮምፒዩተር አላቸው። እነዚህ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት እንደ ገመድ በተገመዱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። በእነዚህ ሽቦዎች ላይ የመሞከሪያ አምፖል አታድርጉ። ኮምፒዩተር ሊያበላሽ ይችላል። ባትሪው ተፈትቶ በቴስተር በኦም ይለካሉ። 60 ኦም አካባቢ ካሳየ ደኅና ነው። 120 ካሳየ በአንድ በኩል ተቋርጧል። ወደ 0 ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ከዚህ በላይ ያለው ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።

ሽቦም በመርፌ አትውጉ። በቀዳዳው ውሃ ይገባል። ዛሬ የለካችሁበት ቀዳዳ ከወራት በኋላ ብልሽት ይሆናል።

የተበጠሰ ሽቦ ሲጠገን በናስትሮ ብቻ መጠቅለል አይበቃም። ውፍረቱ ከቀድሞው እኩል በሆነ ሽቦ ይቀጠል። መገናኛው በደንብ ይጨፍለቅ ወይም ይበየድ። ከዚያ ውሃ እንዳያስገባ ይሸፈን። ሽቦው እንዳይወዛወዝ ይታሰር።

አንድ ደብተር በጋቢናው ውስጥ አስቀምጡ። የለካችሁትን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ። ባትሪው ባለፈው ወር 25 ነጥብ 4፣ ዘንድሮ 24 ነጥብ 3 ካለ፣ መኪናው በረሃ ላይ ከመቆሙ በፊት ነግሯችኋል። “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ማለት ይህ ነው።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ተወያዩ

1. ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በምን በኩል ነው?
2. ባትሪ ሲፈታ በመጀመሪያ የሚፈታው የትኛው ጫፍ ነው? ለምን?
3. በምሳሌው ላይ ባለሙያው አዲስ ባትሪ ያላስገዛው ምን አይቶ ነው?
4. የ15 ፊውዝ በተቃጠለበት ቦታ 30 ብናደርግ ምን ይደርሳል?