ኮልፌ ቀራንዮና ቆሼ፤ የአንድ የከተማ ዳር አቀማመጥና ታሪክ

የአዲስ አበባን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቤተ መንግሥቱ፣ ከገበያውና ከባቡር ጣቢያው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን ከተማይቱን ከዳር ሆነን እንመለከታታለን። የተመረጠው ክፍል ኮልፌ ቀራንዮ ሲሆን፣ በተለይም ቆሼ የሚባለው ሥፍራ ነው። ለማስረዳት የሚሞከረውም፣ ከተማይቱ ልታርቀው የፈለገችውን ሁሉ ወደዚህ ዳር ስትልክ መኖሯን፣ በኋላም ራሷ ሰፍታ እዚያው መድረሷን ነው።

ሀ/ አቀማመጡ

አዲስ አበባ ከሰሜን ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ኮልፌ ቀራንዮ የምዕራቡን ወገን ይዞ ከጉለሌ፣ ከአዲስ ከተማ፣ ከልደታና ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር ይዋሰናል፤ በስተምዕራብ የወጨጫ ተራራ ይታያል። የጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል አልፎ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ ይዘልቃል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በክፍለ ከተማው 428,895 ሰዎች ተቈጥረዋል። ይህም በዚያን ጊዜ ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞች ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ለ/ ታሪኩ

ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት አገሩ የኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ነበር። «ኮልፋ» በኦሮምኛ ሳቅ ማለት ነው፤ ቀራንዮ የሚለው ስም ግን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት በዚህ ወገን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት ተሠራ፤ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም በመጠራቱም ሠፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበ ወርቅ ይባላል። ሕሙማኑ መድኃኒት ፍለጋ ከየጠቅላይ ግዛቱ ይመጡ ነበር። ከዳኑም በኋላ ብዙዎቹ ዘመድ አልቀበል ስላላቸው በሐኪም ቤቱ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ አጠገብ አለርት ተቋቋመ። የኮልፌ የሙስሊሞች መካነ መቃብርም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ በመሆኑ ለጦር ልምምድም ተመርጦ ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት ኮልፌ ከነበረው የፖሊስ ሠራዊት ጦር ሠፈር ነው።

ሐ/ የቆሼ ነገር

በ1950ዎቹ አጋማሽ ረጲ ላይ የከተማው ጥራጊ መጣያ ተከፈተ። ሕዝቡ «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል አውጥቶ «ቆሼ» አለው። ስፋቱ 36 ሄክታር ያህል ነው። ጥራጊው አፈር ሳይለብስና በሚገባ ሳይጠቀጠቅ ለ50 ዓመት ተከመረ። እንዲህ ያለ ክምር ውኃ ይቋጥራል፤ ከሥር የሚበሰብሰውም ነገር የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ጎኑ ቀጥ እያለ በሄደ መጠንም የመናድ አደጋው ይጨምራል።

ሆኖም ቆሼ እንጀራም ነበር። ፕላስቲክና ብረታ ብረት የሚለቅሙ ሰዎች ያገኙትን ለነጋዴ ይሸጣሉ፤ ከዚያም ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ታድሶ ይወጣል። ከለቃሚዎቹ መካከል የቀድሞዎቹ ሕሙማን ልጆች ይገኙባቸዋል። ቤት ርካሽ በመሆኑ ሌላውም ድኻ እየመጣ ክምሩ ሥር ሠፈረ።

በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቆሼ ተመለሰ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ።

መ/ መደምደሚያ

ከዚህ የምንረዳው «ዳር» የሚባለው ነገር ቋሚ አለመሆኑን ነው። መጣያው ሲመረጥ በዙሪያው የነበሩት ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ እነዚያም ቢሆኑ የሕሙማን ቤቶች ስለ ነበሩ ከቁጥር የገቡ አይመስልም። የሰንዳፋ ገበሬዎች እንቢታም በዚህ ዓይን ሲታይ የሚገባ ነው። ስለዚህ ወደፊት ለከተማ ጥራጊ ቦታ የሚመርጥ ሁሉ፣ ስለ መሬቱና ስለ ውኃው ከመጠየቁ ጋር፣ ዛሬ እዚያ የሚኖረው ማን እንደ ሆነና ከ50 ዓመት በኋላም ማን እንደሚኖርበት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።