ለምሥጢር የሚታመን ሰው በምን ይመዘናል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ፈቃድ ነው። በአሜሪካ አገር የመንግሥት ምሥጢር ያለበትን ወረቀት የሚያይ ሠራተኛ በቅድሚያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። እንደ ደንቡ ይህ ፈቃድ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ነው። የሚያስፈልገውም ለወታደር ብቻ አይደለም። አስተርጓሚም፣ መሐንዲስም፣ የጦር መርከብ የሚጠግን ሠራተኛም ሊጠየቀው ይችላል። ከአገራችን ሄደው ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችንም ይጠየቃሉ። ፈቃዱን የተከለከለ ሰው ሥራውን ሊያጣ ስለሚችል ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሰው የሚመዘነው በምንድን ነው? በወሬ ነው? በዘመድ ነው? አይደለም። መመዘኛው ተጽፎ ይገኛል፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያየው ይችላል።

ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። ዊልያም ግሪን የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ ፈቃዱን ተነጠቀ። በእርሱ ላይ ቃል የሰጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አልተነገረውም፤ ቃላቸውንም አላየም። ሰውየው ፍርድ ቤት ሄደ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ፕሬዚዳንቱ ወይም ምክር ቤቱ በግልጽ ሳይፈቅዱ እንዲህ ባለ አሠራር ሰውን ከሥራው ማፈናቀል አይቻልም አለ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1960፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዙ ለመንግሥት ሥራ ለሚሠሩ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ነው። ፈቃድ የሚከለከል ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ መልስ የመስጠት ዕድልም ያግኝ ይላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለት ይህ ነው።

አሁን ሊነበቡ የሚገባቸውን ሦስት ጽሑፎች እንመልከት።

የመጀመሪያው መመዘኛው የተጻፈበት መመሪያ ነው። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን ቁጥሩ 4 ነው። በውስጡ 13 መመዘኛዎች አሉ። ስለ ዕዳ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ዕፅ፣ ስለ ወንጀል፣ በውጭ አገር ስላሉ ዘመዶች፣ ስለ ታማኝነትና ስለ ሌሎችም ይናገራል። እያንዳንዱ መመዘኛ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ነገሩ ለምን እንደሚያሠጋ ይገልጻል። ሁለተኛው ሥጋት የሚያመጡትን ነገሮች ይዘረዝራል። ሦስተኛው ደግሞ ሥጋቱን የሚያቀልሉትን ይዘረዝራል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን አንብቦ ይደነግጣል። ሦስተኛውንም ማንበብ ያስፈልጋል!

ለምሳሌ ዕዳን እንውሰድ። በዕዳ የተያዘ ሰው ምሥጢር ሸጦ ገንዘብ እንዳይፈልግ ያሠጋል። ነገር ግን ዕዳው የመጣው ከሥራ በመባረር ወይም በሕመም ሊሆን ይችላል። ሰውየው ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ በቅንነት እየከፈለ ከሆነ ሥጋቱ ይቀላል። በመሆኑም ባለዕዳ ደረሰኞቹን መጣል የለበትም፤ ምስክሮቹ እነርሱ ናቸው። መዛኞቹም አንድ ጥፋት ብቻ አያዩም። ጥፋቱ መቼ ተፈጸመ? ሰውየው ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር? ከዚያ በኋላስ ታርሟል ወይ? እያሉ መላ ሰውየውን ያያሉ።

ሁለተኛው ጽሑፍ የሚሞላው ቅጽ ነው። ቁጥሩ 86 ሲሆን ከመቶ ገጽ በላይ ነው። የ10 ዓመት መኖሪያ፣ ሥራ፣ ዕዳ፣ የቅርብ ዘመድ ሁሉ ይጠየቅበታል። በዚያ አገር ያለው ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ፣ «ሙሉ ስማችሁን፣ የተወለዳችሁበትን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ ላኩልኝ» ይላችሁ ይሆናል። ዘመድ ውጭ አገር መኖሩ ብቻውን ሰውን አያስከለክልም። የሚታየው ዘመዱ ያለበት አገር፣ የቅርበታቸው መጠን፣ በዘመዱ በኩል ሰውየውን ማስገደድ ይቻል እንደሆነ ነው። ለእናቱ ገንዘብ የሚልክም ሰው፣ ሲጠየቅ እልካለሁ ብሎ ይጻፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሆን ብሎ የዋሸ ሰው ፈቃዱን ከማጣት አልፎ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ረስቶ ወይም ፈርቶ የተወው ነገር ካለ ግን ሳይደረስበት በፊት ራሱ ቶሎ ማረሙ ሥጋቱን ያቀልላል።

ሦስተኛው ጽሑፍ የቀድሞ ውሳኔዎች ናቸው። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር ይህን ጉዳይ የሚሰማ መሥሪያ ቤት አለ። ውሳኔዎቹን የባለጉዳዮቹን ስም ሳይገልጽ ለሕዝብ ያቀርባል። የእርሱን የሚመስል ጉዳይ ያለው ሰው፣ ያኛው ለምን ተፈቀደለት፣ ይኸኛው ለምን ተከለከለ ብሎ ሊማርበት ይችላል። ሆኖም የአንዱ ውሳኔ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

አንድ ነገር አትርሱ። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ፈቃድ የማግኘት መብት ያለው ሰው የለም ብሏል። ጥርጣሬ ከቀረ የሚያደላው ለአገሪቱ ደኅንነት ነው። እንግዲህ ማንበብ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም። ነገር ግን ያነበበ ሰው በምን እንደሚመዘን ያውቃል፤ መልሱንና ማስረጃውን ያዘጋጃል። የክልከላ ደብዳቤ ቢመጣም የመልሱን ቀን ገደብ ከደብዳቤው ላይ አንብቦ በጊዜው ይመልሳል። ያላነበበ ግን ቀኑ ያልፍበታል።

በየቡድናችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው።

1. የእያንዳንዱ መመዘኛ ሦስት ክፍሎች ምን ምን ናቸው?
2. ዕዳ ያለበት ሰው ደረሰኙን ለምን ያስቀምጣል?
3. መደበቅ ከጥፋቱ ይበልጥ የሚጎዳው እንዴት ነው?

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ደህና ሁኑ።