የቀለም ምርጫ በነቀርሳ ምርመራ ሥዕል አነባበብ ላይ ያለው ውጤት

የሕክምና ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሰውነትን ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ለነቀርሳ (ካንሰር) ምርመራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ፔት የሚሰጠው ቁጥር ነው እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ቀለም የሚለውጠው፣ ሰው በመረጠለት ደንብ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ቀይ ወይም ቢጫ በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ የለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ይህ ምርጫ የሐኪሙን ፍርድ እንዴት ሊያሳስት እንደሚችልና ስሕተቱ በምን እንደሚቀነስ ነው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ እንግለጽ። ኤፍ ዲ ጂ የተባለ፣ ስኳር መሰል ሆኖ ጨረር የሚሰጥ ፍሎሪን 18 ያለበት መድኃኒት በበሽተኛው ደም ሥር ይሰጣል። አብዛኞቹ የነቀርሳ ሴሎች ስኳርን አብልጠው ስለሚስቡ መድኃኒቱ በእነርሱ ዘንድ ይከማቻል። የክምችቱ መጠን ኤስ ዩ ቪ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ይኸውም መድኃኒቱ በመላው ሰውነት እኩል ቢዳረስ ኖሮ እያንዳንዱ ስፍራ 1 ይሆን ነበር ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ለማሳየት ከተለመዱት ደንቦች አንዱ ቀስተ ደመና፣ በሕዝባችን አነጋገር የማርያም መቀነት ነው። ትንሹ ቁጥር ሰማያዊ፣ መካከለኛው አረንጓዴና ቢጫ፣ ትልቁ ቀይ ይሆናል። መልኩ ያማረ ቢሆንም ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

1ኛ፤ የቁጥሩ ጭማሪ እኩል ሲሆን ለዓይን የሚታየው ለውጥ እኩል አይደለም። አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫውም ወደ ቀይ በሚሻገርበት ቦታ የሌለ ድንበር ያለ ይመስላል፤ በአረንጓዴው ክልል ግን እውነተኛ ልዩነት ተሸፍኖ ይቀራል።

2ኛ፤ ይበልጥ ብሩህ የሆነው ቢጫ እንጂ ቀይ ስላልሆነ፣ ዓይን ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ወደ መካከለኛው ይሳባል። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ቢታተም ሰማያዊውም ቀዩም ጠቆር ብለው ስለሚወጡ ትልቁን ከትንሹ መለየት ያስቸግራል።

3ኛ፤ ቀይንና አረንጓዴን አጥርቶ የማይለይ አንባቢ ይቸገራል። ይህ የተፈጥሮ ጉድለት በሰሜን አውሮፓ ተወላጅ ወንዶች ዘንድ ከ100 ሰው በ8 ያህሉ ላይ ይገኛል።

ከቀለሙ ሌላ የመለኪያው ጣሪያም ያሳስታል። የአንድ ነጥብ ኤስ ዩ ቪ 4 ነው እንበል። ጣሪያው 10 ሲሆን ነጥቡ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ጣሪያው 5 ሲሆን ግን ያው ነጥብ ወደ ቀይ ይጠጋል። በሽታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

ነገሩ የመልክ ክርክር ብቻ እንዳይመስለን የሊምፎማን ሕክምና እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በዶቪል ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ባለ 5 ደረጃ መመዘኛ አቀረቡ። የክምችቱ መጠን በደረት መካከል ካለው ደም በልጦ ከጉበት ካልበለጠ ደረጃው 3 ነው፤ ከጉበት በመጠኑ ቢበልጥ 4፣ እጅግ ቢበልጥ ወይም አዲስ በሽታ ቢታይ 5 ይሆናል። 3 ብዙውን ጊዜ እንደ መልካም ውጤት ሲቆጠር፣ 4 ግን ሕክምናው እንዲጠነክር ሊያደርግ ይችላል። እንግዲህ ቀለም የፈጠረው ድንበር በ3ና በ4 መካከል ቢወድቅ፣ አንዱ በሽተኛ የማያስፈልገውን ብርቱ መድኃኒት ሊወስድ፣ ሌላው የሚያስፈልገው ሊቀርበት ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ፔትን ለብቻው ለማንበብ ትልቁ ቁጥር ጥቁር፣ ትንሹ ነጭ የሚሆንበት የግራጫ ደንብ በሰፊው ይሠራበታል፤ ብሩህነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ቅደም ተከተሉ አይዛባም። ቀለም የሚጠቅመው ፔት በግራጫው የሲቲ ሥዕል ላይ ሲደረብ፣ ሁለቱን ለመለየት ነው። ሆኖም ግራጫም ፍጹም አይደለም፤ አንዱ ግራጫ በነጭ ዙሪያ የጠቆረ፣ በጥቁር ዙሪያ የነጣ ይመስላልና። ስለዚህ ጣሪያውን ሳይለዋውጡ ማንበብ፣ በድንበር ላይ ላለ ነጥብም የራሱንና የጉበቱን ቁጥር ለክቶ ማስተያየት ይገባል።

ይህ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ማትፕሎትሊብ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንኳ ከራሱ ይሰጥ የነበረውን ቀስተ ደመና መሰል ቀለም በ2017 ትቶ፣ ብሩህነቱ በእኩል የሚጨምረውን ቪሪዲስን ተክቷል። እኛም በጥናታችን ሥዕል ስናቀርብ የቀለሙን ደንብ፣ የመለኪያውንም መነሻና ጣሪያ ከሥሩ መጻፍ ይገባናል፤ አንባቢው ቀለሙን አልፎ ቁጥሩን ለመመርመር የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነውና።